በጨዋታው ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ማን ያነበዋል?

በእጅ ስልኩ ላይ ጨዋታ ለመጫን የመተግበሪያ መደብር የከፈተ ሰው ከጨዋታው ስም ዝቅ ብላ የተቀመጠች አንዲት ቁጥር ያገኛል። 3+፣ 7+፣ 12+፣ 16+ ወይም 18+ ትላለች። ጨዋታው ከዚህ ዕድሜ በታች ላለ ልጅ አይሆንም ማለቷ ነው። ተኩስ፣ ደም፣ ጸያፍ ንግግር፣ ቁማር ወይም ልቅ ምስል በበዛ መጠን የዕድሜው ወለልም ከፍ ይላል። መኪና መንጠቅን፣ ዘረፋንና ግድያን መዝናኛ ያደረገው «ግራንድ ቴፍት አውቶ» በአውሮፓ 18፣ በአሜሪካ ደግሞ 17 ዓመት ላልሞላው እንደማይሆን ምልክት የተደረገበት ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች በሚገኙ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ግን ይኸው ጨዋታ ደብተራቸውን ጎናቸው ባስቀመጡ ሕፃናት ፊት ተከፍቶ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በወቀሳ መልክ ነው። «የዘመኑ ወላጅ ልጁን አይቆጣጠርም» ይባላል። ወቀሳው ከፊሉ እውነት ቢሆንም የዘነጋው ነገር አለ። ይህች ቁጥር የተፈጠረችው ጨዋታ በሱቅ ለሚሸጥበት፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ወላጅ ለሆነበት፣ ልጁም ከወላጁ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚያድርበት ኑሮ ነው። ሦስቱም በሌሉበት ቦታ የቁጥሯ ፋይዳ ምን እንደሆነ ለመመርመር ከየት እንደመጣች ማስታወስ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1993 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ጆሴፍ ሊበርማንና ኸርብ ኮል የቪዲዮ ጨዋታ አምራቾችን ለጥያቄ ጠሩ። በመድረኩ ከቀረቡት ጨዋታዎች አንዱ «ሞርታል ኮምባት» ነበር። በዚህ ጨዋታ የተሸነፈው ተፋላሚ ልቡ ከደረቱ ይነቀላል፤ አንገቱም ከነአከርካሪው ይመዘዛል። እንደራሴዎቹ ለኩባንያዎቹ ያቀረቡት ምርጫ አጭር ነበር፤ የዕድሜ ደረጃ ራሳችሁ አውጡ፣ አለዚያ መንግሥት ያወጣላችኋል የሚል። ኩባንያዎቹ የመጀመሪያውን መረጡ። በ1994 በአሕጽሮት ኢ.ኤስ.አር.ቢ. የሚባለውን ደረጃ አውጪ ቦርድ አቋቋሙ፤ አውሮፓም በ2003 «ፔጊ» የተባለውን ሥርዓት ጀመረች። ሚዛኑን የያዘው ራሱ ነጋዴው ነው ማለት ነው። ይህ ከጅምሩ ጥርጣሬ ማስነሣቱ አልቀረም።

ጥርጣሬው ከፍ ብሎ ከተሰማባቸው ቦታዎች አንዷ የካሊፎርኒያ ግዛት ናት። የግዛቲቱ ምክር ቤት በ2005 ባወጣው ሕግ አመፅ የበዛበትን ጨዋታ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሸጠ ወይም ያከራየ ነጋዴ እስከ 1 ሺህ ዶላር እንዲቀጣ ደነገገ። የጨዋታ ነጋዴዎች ማኅበራት ሕጉ ተግባራዊ ሳይሆን ፍርድ ቤት ሄዱ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ገደማ ከፈጀ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 27 ቀን 2011 ሕጉን በ7 ለ2 ድምፅ ሻረው። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ፣ ጨዋታም እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም በንግግር ነፃነት የተጠበቀ ነው፤ ለልጆች የሚነገሩ ጥንታዊ ተረቶችም ቢሆኑ ደም ያልጎደላቸው ናቸው ሲሉ ተከራከሩ። በእርግጥ በአማርኛ ተረትም ጅቡ የማይበላው እንስሳ የለም፤ ልጆችም ይህን እየሰሙ በሰላም አድገዋል። ልዩነቱ በተረቱ ውስጥ አድማጩ ጅቡን አለመሆኑ ነው። በጨዋታው ግን ተኳሹ ራሱ ልጁ ነው።

በሐሳብ የተለዩት ሁለቱ ዳኞች ያነሡት ነጥብም የሚናቅ አይደለም። ዳኛ ስቲቨን ብራየር፣ ለ13 ዓመት ልጅ የራቁት ሴት ሥዕል ያለበትን መጽሔት መሸጥ በሕግ ክልክል ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ ልጅ በምናብ ሴት አስሮ እንዲያሠቃይና እንዲገድል የሚያደርግ ጨዋታ መሸጥ መፈቀዱ ምን ዓይነት አመክንዮ ነው ሲሉ ጠየቁ። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በበኩላቸው የአገሪቱ መሥራቾች ዘመን ልጅን ወላጁን አልፎ ማነጋገር መብት ተደርጎ አይቆጠርም ነበር አሉ። ያም ሆነ ይህ ሕጉ ወደቀ፤ ውሳኔውም ወደ ወላጅ ተመለሰ።

የአሜሪካ ልጆች ከዚያ በኋላ ያለ ጠባቂ ቀሩ ማለት ግን አይደለም። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ብቻቸውን የሆኑ ታዳጊዎችን ወደ ሱቆች እየላከ ለ17 ዓመትና ከዚያ በላይ የተመደበ ጨዋታ እንዲገዙ ይሞክር ነበር። በ2000 ሙከራውን ካደረጉት መካከል 85 በመቶው ጨዋታውን ገዝተው ወጡ። በ2011 ይፋ በሆነው ሙከራ የተሳካላቸው 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ቅጣት የሚጥል አገር አቀፍ ሕግ አልወጣም። የተለወጠው በሱቁ መደርደሪያ በስተጀርባ የቆመው ሻጭ «ዕድሜህ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ መጀመሩ ነው። ወላጅ በቦታው በሌለበት ሰዓት ቁጥሯን ያነበበ አዋቂ ተገኘ። የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ከታዋቂው የፍርድ ቤት ክርክር ይልቅ እዚህ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌሎች አገሮች ጠበቅ ያለ መንገድ ሞክረዋል። በብሪታንያ ከ2012 ጀምሮ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ምልክት ያለበትን ጨዋታ ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ መሸጥ ወንጀል ሆኗል። ቻይና በ2021 ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በበይነ መረብ ጨዋታ የሚጫወቱት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በበዓላት ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ብቻ እንዲሆን ወሰነች። ደቡብ ኮሪያ ደግሞ በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉት ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይጫወቱ የሚያግድ ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ በኮምፒውተር ላይ ያተኮረ ስለነበር ልጆቹ ወደ እጅ ስልክ ዞሩ፤ በወላጆቻቸው መለያ ቁጥር የሚገቡም ነበሩ። በመጨረሻም አገሪቱ ሕጉን በ2021 ለመሻር ወሰነች፤ ከ2022 መግቢያ ጀምሮም ቀረ። መንግሥት ከሩቅ ሆኖ የሚዘጋው በር ሁልጊዜ አንድ ቀዳዳ ይኖረዋል።

ለመሆኑ አመፅ የሞላበት ጨዋታ ልጅን አመፀኛ ያደርጋልን? ወላጆች ቀድመው የሚጠይቁት ይህንን ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በእነዚህ ጨዋታዎችና እንደ መጯጯህና መገፈታተር ባሉ ጠባዮች መካከል መጠነኛ ዝምድና መኖሩን ይቀበላል። ሆኖም በ2020 ባወጣው አቋም በማኅበረሰብ ውስጥ የሚፈጸም ከባድ የኃይል ጥቃትን በጨዋታ ማሳበብ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብሏል። በ2019 የታተመውና 1 ሺህ 4 የብሪታንያ ታዳጊዎችን ያካተተው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናትም ኃይል የበዛባቸውን ጨዋታዎች በሚጫወቱበት ጊዜ ርዝመትና ተንከባካቢዎቻቸው በመሰከሩት የጠብ ጠባይ መካከል ዝምድና አላገኘም። «ጨዋታ ነፍሰ ገዳይ ያፈራል» የሚለው ብርቱ ክስ እንግዲህ ማስረጃ አልደገፈውም።

ይህ መልስ ግን ሁሉንም ልጅ በአንድ ዓይን እንዲታይ አያደርግም። ጥናቱ የተሠራው የጦር መሣሪያ ድምፅን በአብዛኛው ከስክሪን በሚያውቁ ልጆች ላይ ነው። በአማራ ክልል በጸጥታው ችግር ምክንያት ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ተኩስን በደጃፋቸው የሰሙ፣ ዘመድ ያጡ አሉ። እንዲህ ላለ ልጅ ተኩሶ መግደልን በቀን ለሰዓታት መለማመድ ምን ትርጉም እንዳለው ከብሪታንያ ታዳጊዎች መልስ መበደር አይቻልም። ልጁን የሚያውቀው ሰው ሊያየው የሚገባ ነገር ነው፤ እንቅልፉ ይረበሻልን? ይበረግጋልን? ከጨዋታው ሲነሣ ፊቱ ይለወጣልን?

በሌላ በኩል በአመፅ ላይ የተደረገው ረጅም ክርክር ሁለት ሌሎች ጉዳዮችን ሸፍኗል፤ ጊዜንና ገንዘብን። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዘርዝር ውስጥ «የጨዋታ ጠንቅ» ራሱን የቻለ የጤና እክል ሆኖ ሰፍሯል። መለያው ሦስት ነው፤ በጨዋታው ላይ ቁጥጥር ማጣት፣ ጨዋታውን ከምግብ፣ ከትምህርትና ከቤተሰብ ማስቀደም፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠል። ይህ ጠባይ በተለምዶ ለ12 ወራት ያህል መታየት አለበት። ብዙ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ታማሚ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነት ልጆች ጥቂት ናቸው። ነገር ግን 3+ ተብሎ የተመደበ ጨዋታም ቢሆን የልጅን ሌሊት ሊበላ ይችላል፤ የዕድሜዋ ቁጥር ስለዚህ አትናገርም።

ከማያውቁት ሰው ጋር ስለሚደረግ ንግግርም ሙሉውን አትናገርም። «ፎርትናይት»ን የሚያቀርበው ኤፒክ ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዲሴምበር 2022 በድምሩ 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህ ውስጥ 275 ሚሊዮኑ የልጆችን የግል መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ በመሰብሰብ ለቀረበበት ክስ ሲሆን፣ 245 ሚሊዮኑ ተጫዋቾችን አሳስቶ አስገዝቷል ለተባለው ተመላሽ የሚሆን ነው። ተቆጣጣሪው ካነሣቸው ጥፋቶች አንዱ የድምፅና የጽሑፍ ንግግሩ ያለ ማንም ጥያቄ ክፍት ሆኖ መቅረቡና ታዳጊዎችን ከማይታወቁ ሰዎች ጋር ማገናኘቱ ነበር። በስልክ ጨዋታ ላይ ልጅ ከማን ጋር እንደሚነጋገር መጠየቅ ከተኩሱ ያላነሰ ቁምነገር ነው።

በኢትዮጵያ ጨዋታ ወደ ልጆች የሚደርሰው በሁለት በሮች ነው። አንደኛው ስልክ ነው። በጎግል ፕሌይ ላይ የምትታየው ቁጥር የሚወጣበት መንገድ ቀላል ነው፤ ጨዋታውን የሠራው ድርጅት ስለ ይዘቱ የቀረበለትን መጠይቅ ይሞላል፤ የዓለም አቀፍ ደረጃ አውጪዎች ጥምረት ያዘጋጀው ሥርዓትም በመልሱ መሠረት ዕድሜውን ያወጣል። ወላጅ ሊሠራበት የሚችል መቆለፊያም አለ። በመደብሩ መተግበሪያ ላይ በስተቀኝ ጥግ ያለውን የመለያ ምስል ነክቶ ወደ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ ወደ «ፋሚሊ»፣ ከዚያም «ፓረንታል ኮንትሮልስ» ወደሚለው ገብቶ የምሥጢር ቁጥር ማስገባትና የዕድሜ ወሰን መምረጥ ይቻላል። የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ነገር ግን ይህ መቆለፊያ የሚሠራው ልጁ ጨዋታውን ከመደብሩ ሲያወርድ ነው። ከጓደኛው ስልክ በዜንደር ወይም በሚሞሪ ካርድ ሲቀበለው መቆለፊያው አያውቀውም። አብዛኛው የልጆች ልውውጥ ደግሞ የካርድ ሒሳብ የማይበላውን ይህንን መንገድ ይከተላል።

ሁለተኛው በር የፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እነዚህ ቤቶች ሁሉ ጥፋት ናቸው ማለት ስሕተት ነው። ብዙዎቹን የከፈቱት ሥራ ያጡ ወጣቶች ናቸው፤ ደንበኞቻቸውም በአመዛኙ የሚጫወቱት እግር ኳስ ነው፤ በእግር ኳስ ጨዋታ ደግሞ ደም የለም። ችግሩ በዚያው ቴሌቪዥን ላይ ከእግር ኳሱ ቀጥሎ የሚከፈተውን የሚመርጠው ልጁ መሆኑ ነው። መሣሪያው የራሱ የዕድሜ መቆለፊያ አለው። ነገር ግን ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት በሆነበት ቤት ባለቤቱ መቆለፊያውን የሚያበራበት ምክንያት የለውም። የከተማ አስተዳደሮች በየጊዜው በትምህርት ቤት ዙሪያ ለመማር ማስተማሩ አዋኪ ያሏቸውን ቤቶች ሲዘጉ የፕሌይስቴሽን ቤቶች ከሺሻና ከጫት ቤቶች ጋር በአንድ ዝርዝር ይገባሉ። ዘመቻው ሲያልፍ ቤቱ ከሁለት መንገድ ወዲያ ተከፍቶ ይገኛል።

በዚህ ሁሉ መካከል ከማንም ይልቅ የተረሳው የአርሶ አደሩ ልጅ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚገኘው በወረዳ ከተማ ነው። ቀበሌው ሩቅ የሆነበት አባት ልጁን ዘጠነኛ ክፍል ሲያስገባ በከተማው ቤት ይከራይለታል፤ ልጁም ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሄዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። በሳምንቱ አምስት ቀናት የ15 ዓመቱ ታዳጊ የራሱ አሳዳሪ ራሱ ነው። ለቤት ኪራይ፣ ለደብተርና ለጋዝ የተሰጠው ገንዘብ በኪሱ አለ። ከትምህርት ቤቱ ወደ ኪራይ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይም የጨዋታ ቤት አለ። አባትየው ያን ገንዘብ ያገኘው ጤፍ ወይም በግ ሸጦ ነው፤ የጨዋታ ቤቱን ምናልባት በበሩ አልፎት ይሆናል እንጂ ውስጡን አላየውም። «ወላጅ ይቆጣጠር» የሚለው ምክር ለዚህ አባት ምን እንዲያደርግ ይነግረዋል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ይለዋል፤ የአስተዳደጉንም ኃላፊነት ለወላጆቹ ይሰጣል። ኃላፊነቱ ከአባት ትከሻ አይወርድም፤ ዓይኑ ግን ከ20 ኪሎ ሜትር ወዲያ አያይም።

ስለዚህ አባትየው ዓይን መዋስ አለበት። የቀድሞው አስተዳደግ ይህንን ያውቅ ነበር፤ የሰው ልጅ ሲያጠፋ ያየ ጎረቤት ይቆጣ ነበር፤ የልጁ እናትም አመስግና ትቀበል ነበር። ዛሬ የወረዳ ከተማ አከራይ ስለ ኪራዩ እንጂ ስለ ተከራዩ ልጅ የሚጠየቅ ሰው አይመስለውም። ነገር ግን ልጁ ማታ በስንት ሰዓት እንደሚገባ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ወላጅ ቤቱን ሲከራይ ስልክ ቁጥር ተለዋውጦ፣ ልጁ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ካልገባ እንዲደወልለት መስማማት ገንዘብ አይጠይቅም። የክፍል ኃላፊ መምህሩም የከሰዓቱ ክፍለ ጊዜ በማን ወንበር ላይ ባዶ እንደሚሆን ያውቃል። ገበያ ቀን ወደ ከተማ የሚመጣ አባት እግረ መንገዱን በትምህርት ቤቱ ቢያልፍ፣ ወደ ጨዋታ ቤቱም ገብቶ ባለቤቱን «ይህ የእኔ ልጅ ነው፤ ይህን ሰዓት እዚህ እንዳላየው» ቢለው ከማንኛውም የስልክ መቆለፊያ የበለጠ ይሠራል። በገጠር የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን ነገር መናገር አያሳፍረውም፤ የከተማው ወላጅ ግን ሲያፍር ይታያል።

ከሁሉ በላይ ግን በአሜሪካ ሱቅ ውስጥ ዕድሜ የጠየቀው ሻጭ እዚህ አቻው የጨዋታ ቤቱ ባለቤት ነው። ቁጥሯን በየቀኑ የሚያያት፣ ልጁንም ፊት ለፊት የሚያየው አዋቂ እርሱ ብቻ ነው። ቤቱን መዝጋት ልጁን ወደ ስልክ ይገፋዋል፤ በስልክ ላይ ደግሞ የሚያየው ሰው የለም። የሚሻለው ቤቱ ክፍት ሆኖ ጥቂት ግዴታዎች እንዲኖሩት ነው፤ ደንብ ልብስ የለበሰ ተማሪን በትምህርት ሰዓት አለማስገባት፣ የመሣሪያውን የዕድሜ መቆለፊያ ማብራት፣ 18 የሚል ምልክት ያለባቸውን ጨዋታዎች ለአዋቂዎች ብቻ መክፈት፣ የየጨዋታውን ዕድሜ በአማርኛ ጽፎ በግድግዳው ላይ መለጠፍ። ይህ አዲስ አዋጅ የሚሻ ነገር አይደለም። የንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ይታደሳል። የከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤትና የትምህርት ጽሕፈት ቤት በዚያ ጊዜ ውስጥ ተቀምጠው ግዴታዎቹን በጽሑፍ ቢያዘጋጁ፣ ባለቤቱም ፈርሞ ቢወስድ፣ በመስከረም ስንቃቸውን ይዘው ከየቀበሌው የሚገቡት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ደንቡ ቀድሟቸው ይጠብቃቸዋል።